ምቱ አልሠራ ሲል፦ የኳንተም ቁጥጥር ኮድ ችግርና መፍትሄ

የማይሆን ቁጥር ሲወጣ ድሮ የምወቅሰው ፊዚክሱን ነበር። አሁን የምጀምረው ከራሴ ኮድ ነው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ምት ስል ኪዩቢትን፣ ማለትም የኳንተም ኮምፒውተርን የመረጃ አሃድ፣ የሚቆጣጠር አጭር የማይክሮዌቭ ሲግናል ማለቴ ነው። ምሳሌዎቼ ትራንስሞን ከሚባለው የሱፐርኮንዳክተር ኪዩቢት የተወሰዱ ናቸው።

ኪዩቢቱን ከ0 ወደ 1 መገልበጥ የነበረበት ምት በሲሙሌሽኑ ላይ የመገልበጥ ዕድሉን 0.06 ብቻ ያሳያል። ድግግሞሽን ወደ ራዲያን የሚለውጠው 2 ፓይ ተረስቷል። የራቢ ድግግሞሹ (ኪዩቢቱ በ0 እና በ1 መካከል የሚመላለስበት) 25 ሜጋኸርዝ የሆነ፣ ከፍታው የማይለዋወጥ ምት በ20 ናኖሰከንድ ሙሉ በሙሉ ይገለብጣል። ኮዱ ውስጥ በ2 ፓይ ሳታባዙ 0.025 (በጊጋኸርዝ) ብቻ ካስገባችሁ ግን የመገልበጥ ዕድሉ 0.061 ይሆናል። ማባዛቱን ግብዓቱ በሚነበብበት አንድ መስመር ላይ ብቻ አድርጉት፤ በየፋይሉ የተበተነ 2 ፓይ አንድ ቀን ሁለት ጊዜ መባዛቱ አይቀርም።

ምቱ ዘግይቶ ሲጀምር ኪዩቢቱ ንቅንቅ አይልም፤ ወደ መጀመሪያው ሲሳብ ይሠራል። ይህ ሁለት ቀን በልቶብኛል። እንደ ኪውቲፕ (QuTiP) ያሉ የኳንተም ሲሙሌሽን ላይብረሪዎች እኩልታውን ሲፈቱ የጊዜ እርምጃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ለረጅም ጊዜ ለውጥ ካላዩ እርምጃቸውን እያስረዘሙ አጭሩን ምት ዘለውት ያልፋሉ። የስህተት መልእክት አትጠብቁ፤ በእነሱ በኩል ምንም አልተፈጠረም። የእርምጃውን ከፍተኛ ርዝመት ከምቱ ቆይታ ግማሽ በታች ገድቡት።

ሲሙሌሽኑ ላይ 0.9999 የትክክለኛነት ውጤት ያገኘው ምት መሣሪያው ላይ ይወድቃል። ለትራንስሞን ሁለት የኃይል ደረጃ ብቻ ሰጥታችሁት ይሆናል። እርሱ ግን ሦስተኛም አራተኛም ደረጃ አለው፤ ከ1 ወደ 2 የሚወስደው ድግግሞሽ ከመጀመሪያው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ በ200 እና በ300 ሜጋኸርዝ መካከል ነው። ጥቂት ናኖሰከንድ ብቻ የሚቆይ ምት ድግግሞሹ ሰፊ ስለሆነ ሁለቱንም ይነካል። የምቱን ቅርጽ እየቀያየረ ውጤቱን የሚያሻሽለው አመቻች ፕሮግራም ደግሞ የሞዴላችሁን ቀዳዳ ፈልጎ የሚያገኝ ፍጡር ነው፤ የሌለ ደረጃ ላይ የሚፈስ ነገር አይቀጣውም። ውጤቱ መለወጥ እስኪያቆም ደረጃ ጨምሩ። ከዚያ በ2009 የታተመውን ድራግ የተባለ ዘዴ ሞክሩ፦ የምቱ ቅርጽ የሚለወጥበትን ፍጥነት ለዚያ የድግግሞሽ ልዩነት አካፍላችሁ፣ በ90 ዲግሪ በዞረው ክፍል ላይ ትጨምራላችሁ። ምልክቱ ፕላስ ይሁን ማይነስ በኮዳችሁ ስምምነት ይወሰናል፤ ሁለቱንም ሞክሩ።

አመቻቹ ባለበት ይረግጣል። አንዱን መለኪያ በጥቂቱ ነቅንቃችሁ የውጤቱን ለውጥ ኮዱ ካሰላው ግራዲየንት (የለውጥ መጠን) ጋር አስተያዩ። ከገጠመ ጥፋቱ የፌዝ (phase)፣ ማለትም የማዕዘን፣ ሊሆን ይችላል። በኤክስ ዙሪያ የ180 ዲግሪ ሽክርክር የሚሰጠው ኤክስን (0ን እና 1ን የሚያቀያይረውን ኦፕሬሽን) ራሱን ሳይሆን በማይነስ አይ (አይ የማይነስ 1 ካሬ ሥር ነው) የተባዛውን ነው። ለምቱ ነጥብ የሚሰጠው የግብ ፈንክሽናችሁ የትሬሱን (የተፈለገውና የተገኘው ኦፕሬሽን ሲነጻጸሩ የሚወጣው ድምር) እውን ክፍል ብቻ የሚወስድ ከሆነ እንከን የለሹ ምት ዜሮ ያገኛል። ፍጹም ዋጋውን ውሰዱ።