የድንብላልን ቅጠልና መሰል ቅጠላ ቅጠሎችን በቤት እንዴት ማብቀል ይቻላል

በአብዛኛው ቤታችን ድንብላል የሚታወቀው በፍሬው ነው። ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ተለቅሞ በርበሬ ውስጥ ይገባል እንጂ ቅጠሉ ብዙም አይታሰብም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ኩስባራ» ብለው በእስር የሚገዙት ለምለም ቅጠል ግን ያው ድንብላል ነው፤ ስለዚህ ዘር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቅመም ነጋዴ የተገዛ፣ ያልተቆላና ያልተፈጨ ድንብላል ይበቃል። ብዙ የቆየ ፍሬ ላይበቅል ስለሚችል፣ ከመዝራትዎ በፊት አሥር ያህሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ሞቅ ባለ ቦታ በማስቀመጥ ይሞክሩት። ሁለት ሳምንት አልፎ ጨርቁ ሳይደርቅበት ጥቂት እንኳ ካላቆጠቆጠ ሌላ ይግዙ።

ክብ የሆነው ፍሬ አንድ ዘር ይምሰል እንጂ በውስጡ ሁለት ዘሮች ተገጣጥመው ይገኛሉ። ፍሬውን ጠረጴዛ ላይ በትነው ጠርሙስ በላዩ በቀስታ ያንከባሉበት፤ ለሁለት ሲከፈል ያቁሙ፣ ከደቀቀ አይበቅልም። ከዚያም ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያሳድሩትና ጠዋት አጥልለው ይዝሩት።

ድንብላል ወደ ታች የሚወርድ ረዘም ያለ ዋና ሥር ስላለው ጥልቀቱ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ ይፈልጋል። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አጋድመው አንድ ጎኑን በቢላዋ ቢከፍቱት ጥሩ መደብ ይወጣዋል፤ ከታች በኩል በጋለ ምስማር ስምንት ወይም አሥር ቀዳዳ ካልበሱት ግን ውኃ አቁሮ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉት። ያልበሰበሰ የከብት እበት ችግኙን ስለሚያቃጥል አይጠቀሙ።

ዘሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ በቀጥታ በሚያድግበት ዕቃ ይዝሩት። የእኔ የመጀመሪያ ሙከራ የከሸፈው እዚህ ላይ ነበር፤ በእንቁላል መያዣ ካርቶን አብቅዬ ችግኙን ሳዛውር ሥሩ ተነካና፣ ተክሉ ስንዝር እንኳ ሳይሞላ አበባ አወጣ። ለቲማቲምና ለጎመን የሚሠራው ችግኝ የማዛወር ልማድ ለድንብላል አይሆንም። አፈሩ ሳይደርቅ ከቆየ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል። መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ረዘም ያሉና ለስላሳ ጠርዝ ስላላቸው አረም መስሎዎት እንዳይነቅሏቸው፤ የተሰነጣጠቀው እውነተኛ ቅጠል የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ግቢዎ ውስጥ ዶሮ ካለ በዚህ ጊዜ መረብ ያልብሱት፣ አለዚያ አንድ ጠዋት ይበቃታል። ችግኞቹ ጣት ሲያክሉ በመካከላቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር ያሳሷቸው፤ የተነቀለውም ሰላጣ ላይ ይበላል።

ውኃ ለማጠጣት በቀን ቆጠራ አይመሩ። ጣትዎን አፈር ውስጥ አስገብተው ላይኛው ሁለት ሴንቲ ሜትር ደርቆ ሲያገኙት ያጠጡ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ የጠዋት ፀሐይ ሙሉውን ቢያገኝ ይስማማዋል፤ በድሬዳዋና በመሰል ቆላማ ቦታ ግን ከቀትር በኋላ ጥላ ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም ሙቀትና የውኃ ጥማት ወደ አበባ ያጣድፉታል። ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል የሚመጥጥ ደቃቅ ተባይ ከቅጠሉ ሥር ሲታይ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በተበጠበጠ ውኃ ይርጩትና በማግሥቱ በንጹሕ ውኃ ያጥቡት።

ከተዘራ ከ40 እስከ 50 ቀን ባለው ጊዜ ለመቆረጥ ይደርሳል። ከዳር ያሉትን ቅጠሎች ከሥራቸው ጠጋ ብለው ይቁረጡ፣ መሐሉን ይተዉት፤ በአንድ ጊዜም ከሲሶው በላይ አይውሰዱ። መሐሉ ቆሞ ቅጠሉ እንደ እንስላል ሲቀጥን አበባው እየመጣ ነው፣ ያን ጊዜ መቁረጥ አያድነውም። ያለማቋረጥ ቅጠል የሚፈልግ ሰው በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይዝራ። ደግሞም ለእኛ ማበቡ ኪሳራ አይደለም፤ ፍሬው ቡናማ ሲሆን አገዳውን ቆርጠው በወረቀት ከረጢት ውስጥ ቁልቁል ቢሰቅሉት የበርበሬውም የሚቀጥለው ዘርም ይገኛል።

ጠረኑ ድንብላልን የሚመስል፣ ግን ከእርሱ የጠነከረ ኩላንትሮ የሚባል ሌላ ተክል አለ። አገሩ መካከለኛው አሜሪካና ካሪቢያን ሲሆን ቬትናሞችም አዘውትረው ይበሉታል። አሜሪካ ያለ አንባቢ በላቲኖችና በቬትናሞች ግሮሰሪ ያገኘዋል። ቅጠሉ ረዥም፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፤ መሬት ላይም ተነጥፎ ያድጋል። አያያዙ ከድንብላል ይለያል፦ ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ አፈር ሳይለብስ ላዩ ላይ ይነሰነሳል፣ ለመብቀልም አንድ ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ሙቀትን ይወዳል፣ ግን በጥላና በእርጥበት ነው ቅጠሉ የሚሰፋው። የአበባው ዘንግ እሾኻም ስለሆነ ብቅ ሲል ይቁረጡት። የድንብላል ቅጠል ድስት ከወረደ በኋላ ካልተጨመረ ሽታው ይጠፋል፤ ኩላንትሮ ግን አብሮ ቢፈላም ሽታውን ይይዛል።

በሶብላም በዚሁ አፈር ይበቅላል፣ ነገር ግን ብርድ አይችልምና በደጋ ከግድግዳ ጥግ፣ ፀሐይ ከምታርፍበት ያስቀምጡት። የሌላ አገር ሰዎች ዘመዱን ቤዚልን የሚያሳድጉት ለቅጠሉ ስለሆነ አበባውን ይቀነጥሳሉ። እኛ ለሽሮና ለበርበሬ የምንፈልገው አበባውን ከነፍሬው ነውና ጫፉን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተክሉ ስንዝር ሲሞላ፣ ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ይቀንጥሱት። ከዚያ በኋላ እንዲያብብ ይተዉት፤ ዘለላው መድረቅ ሲጀምርም ቆርጠው ጥላ ውስጥ ያድርቁት።