የ80 ቀን ቀሚስ

የእህቴ ልጅ ክርስትና ስትነሳ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። አንገቱ ጠበብ ያለ፣ እጅጌው ረዘም ያለ፣ ጀርባው ላይ ሁለት ቁልፍ ብቻ። ቤት ስንለካላት ደርቃ፣ ጠግባ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያላት ስለነበር አምሮባት ነበር።

ቤተክርስቲያን ውስጥ ነገሩ ሌላ ሆነ። ልጅ ከውሃው ስትወጣ እርጥብ ናት። ሜሮን ተቀብታለች። በዚያ ላይ ታለቅሳለች። ክርስትና እናቷ በፎጣ ይዛ ስትታገል ጭንቅላቷ አንገቱ ላይ ተወትፎ ቀረ። ኋላችን ሌሎች ሕፃናት ወረፋ ይጠብቃሉ። አጠገቤ የቆመች እናት ትዕግሥቷ አለቀና «ቅደጂው እቴ!» አለችኝ። ቀደድኩት።

ከዚያ ወዲህ ቀሚስ ስቆርጥ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የምታለቅስ እርጥብ ልጅ በግማሽ ደቂቃ ትለብሰዋለች? ለዚህ ቀሚሱ ከአንገት እስከ ታች፣ በጀርባው በኩል ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። ዘርግታችሁ ልጅቷን ታስተኙበታላችሁ፣ እጆቿን ታሾልካላችሁ፣ ትዘጋላችሁ። እጅጌ አልሠራለትም። ከበረዳት ነጠላና ጋቢ ምን ሊሠራ ነው?

ጨርቁን ከሽሮ ሜዳ ነው የምገዛው። ለሕፃን ሳሳ ያለ ሸማ ወይም መነን ይሻላል። የሚያብረቀርቅ ክር የገባበት ጥለት ለዓይን ያምራል እንጂ የሕፃን ቆዳ ላይ ይቧጥጣል፤ የጥጥ ጥለት ምረጡ። በአውራ ጣታችሁ ጀርባ ጥለቱን ደባብሱት። እናንተን ከኮሰኮሰ እሷን ያቆስላታል።

አንድ ጊዜ ገዝቼ ልወጣ ስል ሸማኔው «ንከሪው እንጂ ልጄ፣ ይገባል» አሉኝ። ቸኩዬ ስለነበር አልነከርኩም። ቀሚሱ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለአሻንጉሊት ነው የሆነው። አሁን ለብ ባለ ውሃ አሳድራለሁ፣ ጥላ ላይ አሰጣለሁ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ በካውያ እተኩሳለሁ። መቀስ የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ገበር የሚሆነውን ስስ ነጭ የጥጥ ጨርቅም እንደዚሁ።

ወደ ልኩ እንምጣ። በ80 ቀን አካባቢ የብዙ ሕፃናት ደረት ዙሪያው 41 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የጭንቅላታቸውም ከዚያ ብዙ አያንስም። ጠባብ አንገት ጉድ የሚሠራው ለዚህ ነው። የናንተን ልጅ ግን ራሳችሁ ለኩ። እኔ ደረቱ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር እጨምርና የተዘጋውን ቀሚስ 48 አደርገዋለሁ። የደረቱን ፊት 26 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 16 ቁመት እቆርጣለሁ። ጀርባው ሁለት ቁራጭ ነው፤ እያንዳንዱ 15 ስፋት። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ሲሄድ ፊቱ 24፣ ጀርባዎቹ 13፣ 13 ይቀራሉ፤ መሀል ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይደራረባሉ። አንገቱ ከተሰፋ በኋላ ስፋቱ 10፣ በፊት በኩል ጥልቀቱ 5፣ ከኋላ 2። ትከሻው በየጎኑ 4 ተኩል። የብብቱን ቅድ ሰፋ አድርጉት። ነጭ ላይ የሳሙና ቁራጭ ስለማይታይ በእርሳስ ሳሳ አድርጌ ነው የምነድፈው።

ጉርዱ ላይ ትንሽ ብልሃት አለ። ሸማው ስፋቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ጥለቱ ደግሞ ጫፉ ላይ በስፋቱ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አትቁረጡት፤ ስፋቱን እንዳለ ዙሪያ አድርጉት። ጥለቱ ታች ይውላል። የሸማው ዳርና ዳር ደግሞ የጀርባው መክፈቻ ይሆናል። ዳሩ ስለማይተረተር መዘምዘም የለ፣ ማጠፍ የለ። ቁመቱን 45 አድርጉና እግሯን አልፎ ይውረድ። ጫፉ ላይ ዘርፍ ካለ ቁረጡትና እጠፉት፤ ሕፃን ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው የምትወስደው።

አሁን ደረቱን ከገበሩ ጋር ማገናኘት። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የሸማውን ትከሻ ለብቻ፣ የገበሩን ትከሻ ለብቻ ስፉ። ጎኑን ገና አትንኩት። ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥማችሁ በእስፒል ያዙና አንዱን የጀርባ ጠርዝ፣ አንገቱን፣ ሌላውን የጀርባ ጠርዝ በአንድ ጉዞ ስፉ። ከዚያ ሁለቱን ብብቶች። ጎኑና ታቹ ክፍት ይቀራል። ክብ በሆነው ቦታ ሁሉ በየሴንቲ ሜትሩ፣ ክሩን ሳትነኩ፣ በመቀስ ጫፍ ቆረጥ ቆረጥ አድርጉ። ይህን የዘለለ ሰው አንገቱ ተኮማትሮ ይቀርበታል። ከዚያ እጃችሁን በፊቱ በኩል ከሸማውና ከገበሩ መሀል አስገቡና እያንዳንዱን ጀርባ በትከሻው ቀዳዳ ስባችሁ አውጡት። መጀመሪያ ስታደርጉት የተበላሸ ይመስላል፤ አይዟችሁ፣ ሲወጣ ሁሉም ጥሬ ጠርዝ ውስጥ ገብቷል። ጎኑን ሸማ ከሸማ፣ ገበር ከገበር አድርጋችሁ ባንድ መስመር ዝጉት።

ጉርዱን ለመሸብሸብ ከላይ ሁለት መስመር ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ ወስውሱና ክሩን ሳቡት። 80 የነበረው 50 እስኪሆን ነው፤ ከዚያ በላይ ሸማ ሲሸበሸብ ይወፍራል። ከደረቱ ሸማ ጋር ስፉት፤ ገበሩን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ሽብሽቡ ላይ በእጅ መርፌ ያዙት። አንገቱና ወገቡ ላይ ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ጠፍጣፋ ቁልፍ ይበቃል። በጀርባዋ ስለምትተኛ ወፍራም ቁልፍ ይቆረቁራታል። እኔ ሰፍቼ ስጨርስ በጥርሴ እስብና እፈትሸዋለሁ።

ለዕለት ልብስ ሸማ አታባክኑ። የአባቷ ያረጀ ካናቴራ ጥሩ ቱታ ይወጣዋል። እጅጌ የሌለው፣ ጭኑ ላይ በላስቲክ የሚሰበሰብ፣ ዳይፐር ለመቀየር በእግሮቿ መሀል የሚከፈት ይሁን። ላስቲኩን በጭኗ ዙሪያ ለክታችሁ ሁለት ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ማታ ስታወልቁላት ቀይ ምልክት ካያችሁ ጠብቋል፤ ፍቱና አላሉት። ካናቴራ የሚለጠጥ ስለሆነ በዚግዛግ ስፉት፣ ቀጥ ያለው ስፌት ይበጠሳል።

ከካውያው በፊት እስፒሎቹን ቁጠሩ። እኔ 12 አወጣለሁ፣ 12 እመልሳለሁ። አንድ ማታ 11 ሆኑብኝ። ምንጣፉን አነሳሁ፣ ሶፋውን ገለበጥኩ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቀሚሱን ስደባብስ አገኘሁት፤ ትከሻው ላይ፣ በሸማውና በገበሩ መሀል ቀጥ ብሎ ተኝቷል።