ሕግ ለመማር ለምታመለክቱ ታናናሾቼ

አሜሪካ ውስጥ ሕግ መማር የሚፈልጉ ጥቁር ተማሪዎች፣ በተለይ የእኛ ሰፈር ልጆች፣ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የትኛው ትምህርት ቤት ስም አለው?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ዕዳውን እዩ እላቸዋለሁ።

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እውቅና የሰጣቸው ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ «509» የሚባል ሪፖርት ያወጣሉ። ክፍያው፣ የመግቢያ ውጤቱ፣ ስንት ተማሪ እንዳቋረጠ፣ የስንቱ ስኮላርሺፕ እንደተቀነሰ ወይም እንደቀረ እዚያ አለ። ይህችን የመጨረሻዋን ሳታዩ እንዳትፈርሙ! ውጤት ሲወርድ የሚነጠቅ ስኮላርሺፕ አለ። አንደኛ ዓመት ላይ ደግሞ ብዙ ቦታ ውጤት የሚሰጠው ተማሪዎችን እርስ በርስ አወዳድሮ ስለሆነ ጎበዙም ሊያጣው ይችላል። ቅድመ ሁኔታውን በጽሑፍ ጠይቁ።

ዋሽንግተን ያለውን የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ የሃዋርድን የሕግ ትምህርት ቤት እወደዋለሁ። በ1869 የተመሠረተ፣ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል በ1933 የተመረቀበት ቤት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ቤተሰብ ላለው ደግሞ የቤት ኪራይ ያድናል። ግን የእሱንም 509 አንብቡ።

ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያው ለኤልሳት (LSAT) ፈተና ክፍያ አቅም ከሌላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ከክፍያ ነፃ እንድትሆኑ ፈተናውን የሚያዘጋጀውን ኤልሳክን (LSAC) ጠይቁ።

ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት ድርሰት ላይ ብዙዎች ፈርተዋል። የ2023ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ዘርን የመግቢያ መስፈርት ማድረግን ከለከለ እንጂ፣ ዘራችሁ ሕይወታችሁን እንዴት እንደነካው መጻፍን አልከለከለም። ለእናታችሁ የመንግሥት ደብዳቤ እያስተረጎማችሁ ካደጋችሁ፣ አንዱን ደብዳቤ መርጣችሁ የሆነውን ጻፉ።

ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ እንደደረሳቸው ማየት ይጀምራሉ። እስከ ኅዳር አጋማሽ ላኩ።