ከፌንጣ ሆድ የወጣ ትልን በዲኤንኤ ስትለዩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሐዋሳ ላይ ከሐይቁ ዳር ሣር ፌንጣ እየሰበሰባችሁ ለምትመራመሩ ተማሪዎች ነው የምጽፈው። አንዳንዱ ፌንጣ ሲከፈት ነጭ ክር የመሰለ ረጅም ትል ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። ብዙ ጊዜ መርሚቲድ ከሚባለው የክብ ትሎች ቤተሰብ ነው። ከነፍሳት የሚወጣው ገና ያልጎለመሰ ትል ስለሆነ በማይክሮስኮፕ ብቻ ዝርያውን መለየት ይከብዳል፤ ዲኤንኤ የምንፈልገውም ለዚህ ነው። ግን ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ዲኤንኤውን የሚያባዛውና የሚያነበው ማሽን ጋ ሳይደርስ ነው።

ፎርማሊን ውስጥ መክተት። በፍጹም! ቅርጹን ይጠብቅላችኋል፣ ዲኤንኤውን ግን ከፕሮቲን ጋር ያጣብቀዋል፣ ይቆራርጠዋልም። 95 በመቶ ኢታኖል ተጠቀሙ። በማግስቱ ቀይሩት፤ ከነፍሳቱ ሰውነት የሚወጣው ውሃ ያቀጥነዋል።

ትሉን ከነፌንጣው መፍጨት። በጣም የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው። ሁሉም ሰው የሚጠቀምባቸው የ1994ቱ የፎልመር ፕራይመሮች (የትኛው የዲኤንኤ ክፍል እንደሚባዛ የሚወስኑ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ለብዙ ዓይነት አከርካሪ አልባ እንስሳት የተሠሩ ናቸው፣ ስለዚህ ትሉን ብቻ ሳይሆን ፌንጣውንም ያባዛሉ፣ የፌንጣው ዲኤንኤ ደግሞ እጅግ ስለሚበዛ ስንት የተለፋበት ውጤት «ፌንጣ» ብሎ ይመጣል፣ ወይም ሁለቱ ተደራርበው የማይነበብ ይሆናል። ትሉን በጥንቃቄ አውጡት። በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ፎቶ አንሱት። ከዚያ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ወስዳችሁ የቀረውን አስቀምጡ፣ ነገ ጥያቄ ቢነሳ የምትመለሱት ወደ እሱ ነው። ለክብ ትሎች የተሠራ ፕራይመርም ምረጡ።

ናሙና የሌለበት ቱቦ አለማሠራት። እሱም ላይ ባንድ (ጄል ላይ የሚታይ የተባዛ ዲኤንኤ መስመር) ከታየ ብክለት አለ ማለት ነው፣ ውጤቱን ጣሉት።

ብላስት (ያነበባችሁትን ዲኤንኤ ከተመዘገቡት ጋር የሚያነጻጽር ፕሮግራም) ላይ ከላይ የመጣውን ስም መገልበጥ። 88 በመቶ መመሳሰል የዝርያ ስም አያሰጥም። ጄንባንክ በሚባለው የዲኤንኤ መረጃ ቋት ላይ የመርሚቲድ መረጃ ገና ትንሽ ስለሆነ የእናንተ ትል ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ለክብ ትሎች ብዙ ጊዜ የሚነበበው 18ኤስ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚለወጥ ጂን ነው፤ 99 በመቶ ቢመሳሰልም ዝርያው ሌላ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ «መርሚቲድ» ብላችሁ አቁሙ፣ ምንም ነውር የለውም።

ዲኤንኤ ስለተገኘ ብቻ ነፍሳቱ በሽታ ያስተላልፋል ማለት። ይሄ ፌንጣን ትታችሁ ወደ ጥቁር ዝንብ ስትሄዱ ነው የሚመጣው። ኦንኮሰርኪያሲስ (ጥቁር ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ዓይን ሊያሳውር የሚችል የትል በሽታ) ካለበት ሰው ደም የመጠጠች ዝንብ ሆዷ ውስጥ የትሉ ዲኤንኤ ይገኛል፣ ትሉ ግን እዚያው ሊሞት ይችላል። በዚያ ላይ ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ የከብቱን ትል ኦንኮሰርካ ኦቸንጊንም የምታስተላልፈው ያችው ዝንብ ናት። ስለዚህ ጭንቅላቱንና የቀረውን አካል ለየብቻ መርምሩ። ለመተላለፍ የደረሰው እጭ ጭንቅላት ላይ ነው የሚፈለገው።