ለጎጃም ደጋ የሚሆን ቀላል ሄሊኮፕተር እንዴት ይነደፋል?

ወጣቶች ስዕል ይዘው ደብረ ማርቆስ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። ስዕሉ ላይ ቀድሞ ዓይን የሚገባው ሞተሩ ነው፤ የሚኒባስ፣ የሞተር ሳይክል፣ የጄኔሬተር። ዕድሜዬን በሄሊኮፕተር ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ወኔያቸው ደስ ይለኛል። ግን ሞተሩን ለጊዜው ተዉት። ሄሊኮፕተር የሚጀመረው ከሥራውና ከቦታው ነው። የሞተር ተራ በኋላ ይደርሳል።

ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የእኔ ይኼ ነው፦ ክረምት ላይ መንገድ ሲቆረጥ፣ ምጥ የጠናባትን እናት ከነርስና ከአስታማሚ ጋር ከቾቄ ተራራ መንደሮች አንስቶ ደብረ ማርቆስ ማድረስ። ከዚህች ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይወጣል። ቃሬዛ ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስለዚህ ወለሉ ጠፍጣፋ፣ የኋላ ወንበሩ ታጣፊ፣ የጎን በሩ ሰፊ ይሁን። ተሸካሚ በጎን ይግባ እንጂ የጅራት ሮተሩ (ጅራቱ ላይ የሚሽከረከረው ትንሹ ክንፍ) ወዳለበት ወደ ኋላ ድርሽ አይበል። ነርሷ ራስጌ ተቀምጣ ሁለቱንም እጆቿን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ አለባት። ካርቶን በወለሉ ልክ ቆርጣችሁ ሳሎን ላይ አንጥፉና ሰው አስተኙበት። የጠበበው ቦታ ወዲያው ይታያችኋል።

ቀጥሎ ክብደት። አብራሪ፣ ነርስ፣ እናትየዋ፣ አስታማሚ፣ ከነዕቃቸው 350 ኪሎ ያህል ያዙ። ነዳጅ ከነመጠባበቂያው 250 ኪሎ። አካሉ ራሱ 1,200 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ድምሩ 1,800 ነው፤ እናንተ 2,000 ብላችሁ አስሉ። በንድፍ ጊዜ ክብደት መጨመሩ አይቀርም፣ ሲቀንስ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ አየሩ። በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ይመዝናል። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ላይ ናት፤ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን 0.89 ገደማ ነው። ቾቄ 4,000 ሜትር ላይ፣ በ10 ዲግሪ፣ 0.76 ቢሆን ነው። ዋናው ሮተር፣ ማለትም ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ፣ የሚገፋው ይህንኑ አየር ነው። አየሩ ከሳሳ ያንኑ ክብደት ለመያዝ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል።

ሒሳቡ አያስፈራም። ክብደቱን ወደ ኒውተን ቀይሩ፤ 19,620 ይሆናል። ይህን በካሬ ሥሩ አባዙት። ከዚያ የአየሩን እፍግታ (የአንድ ሜትር ኩቡን ክብደት) ሮተሩ ሲሽከረከር በሚሸፍነው ክብ ስፋት፣ እንደገና በ2 አባዙና ካሬ ሥሩን አውጡ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፤ የሚወጣው በዋት ነው፣ ለ1,000 ስታካፍሉት ኪሎዋት ይሆናል። 11 ሜትር ዲያሜትር ላለው ሮተር ስፋቱ 95 ሜትር ካሬ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 180 ኪሎዋት ይወጣል፣ ቾቄ ላይ 229። ይህ እንከን ለሌለው ሮተር ነው። እውነተኛው ሮተር ስለሚያባክን ለ0.75 አካፍሉት፤ 305 ይሆናል። የጅራት ሮተሩና ጊርቦክሱ የሚበሉትን ስትጨምሩበት 350 ገደማ ትደርሳላችሁ። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ለመቆም ብቻ ማለት ነው።

ሞተሩም ያንኑ ስስ አየር ነው የሚተነፍሰው። እዚያ ከፍታ ላይ ተርባይን ከጉልበቱ አንድ ሦስተኛውን ያህል ያጣል። ስለዚህ ታች 550 ኪሎዋት የሚሰጥ እንኳ አፋፍ ላይ ነው፤ 600 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። የሚኒባሱ ሞተር የት እንደቀረ አሁን ገባችሁ?

ይህን መንገድ የሄደበት ላማ የሚባለው የፈረንሳይ ሄሊኮፕተር ነው። ሕንድ ለሂማላያ የሚሆን ስትጠይቅ ፈረንሳዮቹ ከላማ በፊት የሠሯቸውን ሁለት ሄሊኮፕተሮች፣ የአሉዌት 2ን አካል ከአሉዌት 3 ሞተርና ሮተር ጋር አጋቡት። እ.ኤ.አ. በ1969 በረረ። ሞተሩ 870 የፈረስ ጉልበት (650 ኪሎዋት ገደማ) መስጠት ሲችል 550 የፈረስ ጉልበት (410 ኪሎዋት ገደማ) ላይ ገደቡት። የተረፈው ለከፍታው ነው። በ1972 ዣን ቡሌ በላማ 12,442 ሜትር ወጥቶበታል። ክብደቱ ከነጭነቱ 1,950 ኪሎ፣ ሮተሩ 11 ሜትር፤ ከእኛ ሒሳብ ጋር አስተያዩት።

እግሩ ስኪድ (እንደ ሸርተቴ ያለ የብረት ዘንግ) ይሁን፤ ከጎማ ይቀላል፣ ጥገናውም ትንሽ ነው። የሞተሩ አፍ ላይ አቧራ ማጣሪያ አይቅር፤ በበጋ አውድማ ዳር ሲያርፍ ጭድና አቧራ ይውጣል። ሞተሩ ቢጠፋ ሮተሩ ተላቆ በነፋሱ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ፍሪዊል ላይ አትደራደሩ። አብራሪው በሰላም የሚያርፈው በእሱ ነው።

ከወረቀት ወደ ብረት ስትሸጋገሩ በመጀመሪያ ሮተሩ መሬት ላይ ታስሮ ለብዙ ሰዓት ይሽከርከር። ብሌዶቹ (የሮተሩ ክንፎች) በአንድ መስመር መሄዳቸውን የምናይበት የድሮ ዘዴ አለ። የየብሌዱ ጫፍ በተለያየ ቀለም ጠመኔ ይቀባል። ረጅም እንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ቀስ እየተባለ ወደሚሽከረከረው ጫፍ ይጠጋል። ብሌዶቹ ሸራውን ጠቅ ያደርጉታል። ሰማያዊውና ቀዩ አንድ ቦታ ካረፉ ደህና ነው። አንዱ ከፍ ካለ ማስተካከያ ዘንጉ ይነካል፣ ከዚያ ድጋሚ። ሸራውን የሚይዘው ግን ሥራውን የተማረ ሰው ብቻ ይሁን።

ለበረራ ሙከራ ደግሞ ጎጃም የታደለ ነው። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ2016 የበረረውን ቀላል ሄሊኮፕተራቸውን ለሙቀት ናግፑር፣ ለብርድና ለከፍታ ሌህ፣ ለባሕር ጠረፍ ቼናይ ድረስ ወስደውታል። እኛ ዘንድ ዓባይ በረሃ ከደጀን ሥር 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱንም ታውቁታላችሁ። ባሕር ዳር 1,800፣ ደብረ ማርቆስ 2,450፣ ቾቄ ከ4,000 በላይ። ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ በዚሁ ቅደም ተከተል ውጡ። በየደረጃው ጠቅላላ ክብደቱን ያንኑ 2,000 ኪሎ አድርጉ፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሞተሩ የሚያወጣውን ጉልበት መዝግቡ፣ ከሒሳባችሁ ጋር አስተያዩ። ቁጥሮቹ ካልተቀራረቡ ወደሚቀጥለው ከፍታ አትውጡ።