በባሕር ዳር ከትንሽ የብስክሌት ሱቅ አዲስ ብስክሌት እንዴት እንደሚገዛ

ባሕር ዳር በብስክሌት ከሚታወቁት የኢትዮጵያ ከተሞች አንዷ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትገኝም፣ የተቆረቆረችው በጣና ዳርቻ በተንጣለለ ሜዳ ላይ በመሆኑ ያለ ብዙ ድካም ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመድረስ ብስክሌት ይበቃል። ይሁን እንጂ አዲስ ብስክሌት ለመግዛት ወደ ትንሽ ሱቅ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። ብስክሌት ከፋብሪካ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በካርቶን ታሽጎ፣ መሪው፣ የፊት ጎማው፣ ፔዳሎቹና ኮርቻው ሳይገጠሙ ሲሆን፣ ቀሪውን ሥራ የሚጨርሰው ባለሱቁ ወይም አብሮት የሚሠራው ገጣሚ ነው። ስለዚህ የሚከፍሉት ገንዘብ የገጣሚውንም እጅ ዋጋ ይጨምራል፤ ሱቁን መምረጥም ብስክሌቱን ከመምረጥ ይቀድማል።

በመጀመሪያ ብስክሌቱን የት እንደሚነዱበት ይወስኑ። በዋናው አስፋልት ከቤት ወደ ሥራ ለመመላለስ ማርሽ የሌለው ብስክሌት ይበቃል፤ የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ስለሆነ ጥገናውም ይቀላል። ኮብልስቶን በተነጠፈበት የውስጥ መንገድ የሚያዘወትር ሰው ግን ቀጭን ጎማ መግዛት የለበትም፤ ቀጭን ጎማ ንዝረቱን በቀጥታ ለቸርኬውና ለነጂው እጅ ያስተላልፋልና። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት ወይም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኘው ወደ ጢስ ዓባይ መጓዝ ካሰቡ፣ ማርሽ ያለውና ሰፋ ያለ ጎማ የተገጠመለት ብስክሌት ይምረጡ። ወጣቶች ከፊት ሞላ ያለውን ብስክሌት ሲመርጡ ይታያል። በእኔ ግምት በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚገጠም ሞላ ከጥቅሙ ይልቅ ክብደቱ ያመዝናል፤ ለከተማው ሜዳ ሞላ የሌለው ቀጥ ያለ ሹካ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከሁለት ጎን የሚይዘው ብረት፣ ይሻላል።

ቀጥሎ ሁለት ሦስት ሱቆችን ይጎብኙ፤ ሲጎበኙም ከተደረደሩት ብስክሌቶች ይልቅ የሥራ ቦታውን ይመልከቱ። ገጣሚው ልክ ልኩን መፍቻ ይጠቀማል ወይስ ሁሉንም በፒንሳ ይፈታል? ለጥገና የመጡ ብስክሌቶች አሉ? ጥገና የሚሠራ ሱቅ የሸጠው ዕቃ ተመልሶ እንደሚመጣበት ስለሚያውቅ፣ ሲገጥም ይጠነቀቃል። ከዚያም የሚፈልጉት ብስክሌት ጎማ ሲያልቅ ተተኪው እዚሁ ከተማ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁ። የጎማው ልክ በጎኑ ላይ ታትሟል። 26 ኢንች በሚባለው የተለመደ የተራራ ብስክሌት ጎማ ላይ 559 የሚል ቁጥር (ጎማው የሚያርፍበት የቸርኬ ስፋት በሚሊ ሜትር) ሲኖር፣ 28 ኢንች የሚባሉት ግን 622 ወይም 635 ሊሆኑ ይችላሉ፤ እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ አይተካኩም። ካላማዳሪው እንደ መኪናና እንደ ሞተር ብስክሌት ጎማ ሰፊ አፍ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ እንዲህ ከሆነ ማንኛውም ጎሚስታ ሊነፋልዎት ይችላል።

ልኩ ከነጂው ቁመት ጋር መስማማት አለበት። ብስክሌቱን በሁለት እግርዎ መካከል አድርገው ሲቆሙ በላይኛው ብረትና በሰውነትዎ መካከል ጥቂት ጣቶች የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ የኮርቻው ከፍታ ልክ ነው፤ በመደበኛው አነዳድ፣ ማለትም በእግር ጣቶች ሥር ባለው የመርገጫ ክፍል ሲረግጡ፣ ጉልበትዎ በመጠኑ ይታጠፋል። የኮርቻው ዘንግ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ከቱቦው ውጭ መታየት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አገጣጠሙ እንምጣ። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ባለሱቁ ቢሰለችም ታግሦ ያሳይዎታል፣ ካልታገሠም ስለ ሱቁ አንድ ነገር ነግሮዎታል። በመጀመሪያ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ወደ ፊት መዞሩን ያረጋግጡ። በጥድፊያ ሲገጠም ሹካው ወደ ኋላ ዞሮ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ሹካው ከዞረ የፊት ፍሬኑ ከኋላው በኩል ይገኛል፣ መሪውም ይቅበዘበዛል። ሁለተኛ፣ ጎማዎቹን ከመሬት አንሥተው አንድ በአንድ ያሽከርክሩ፤ ቸርኬው በፍሬኑ ላስቲኮች መካከል ወዲያና ወዲህ ሳይል መዞር አለበት። ላስቲኮቹ ሲጨበጡ ቸርኬውን እንጂ ጎማውን መንካት የለባቸውም፤ ጎማውን የሚነካ ላስቲክ በጊዜ ብዛት ይበሳዋል። የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንዱን በጣትዎ ጨመቅ ያድርጉ፤ ከሌሎቹ የላላ ካገኙ እዚያው ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ የፊት ፍሬኑን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ፤ በመሪው ሥር የመንቋቋት ስሜት ካለ ኩሽኔታው ላልቷል ማለት ነው። የፔዳል ክንዶቹንም ወደ ጎን በመወዝወዝ እንዲሁ ይፈትኑ። የግራው ፔዳል ከቀኙ በተቃራኒ፣ ወደ ግራ በማዞር እንደሚጠብቅ ይወቁ። በተሳሳተ አቅጣጫ በጉልበት የገባ ፔዳል ጥርሱን ይበላና ክንዱን ያበላሻል፤ ስለዚህ ሁለቱም ፔዳሎች እርስዎ ባሉበት እንዲጠብቁ ይጠይቁ። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ከሆነ ደግሞ ካቴናው በመሐሉ በጣት ሲነሣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መላላት ይበቃዋል።

ከዚያ በኋላ ይንዱት። ባለሱቁ መታወቂያ በመያዣነት ቢጠይቅ ቅር አይበልዎት። ጥቂት ርቀት በአስፋልት፣ ጥቂት በኮብልስቶን ላይ ይንዱ፤ ማርሹን ሁሉ አንድ በአንድ ይቀያይሩ፤ ባጃጅ በማይበዛበት ስፍራ ሁለቱንም ፍሬኖች በየተራ አጥብቀው ይሞክሩ።

የዋጋ ክርክር የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ባለሱቁ ዋጋውን አልቀንስም ቢል ፓራፋንጎ፣ ቁልፍና ደወል እንዲጨምርልዎት ይጠይቁ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በሚዘንበው ከተማ ፓራፋንጎ ጌጥ አይደለም። ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ብዙውን ጊዜ ፔዳሎቹ በሚዞሩበት ዘንግ ሥር የሚቀረጸውን ቁጥርም በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፤ ብስክሌቱ ቢሰረቅ የእርስዎ መሆኑን ለማስረዳት ይረዳዎታል።

ከመሄድዎ በፊት የመጀመሪያውን ማስተካከያ ቀን ይቅጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የፍሬንና የማርሽ ሽቦዎች ይረግባሉ፣ የቸርኬው ሽቦዎችም ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ስለዚህ አዲስ ብስክሌት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ተመልሶ መታየት አለበት። ይህ ማስተካከያ በዋጋው ውስጥ የተካተተ መሆን አለመሆኑን ሳይከፍሉ ይነጋገሩ፤ ከተስማሙም በደረሰኙ ጀርባ እንዲጽፍልዎት ያድርጉ።