ጠዋት ደህና፣ ቀትር ላይ የሚቆራርጥ ሞተር፦ በአውስትራሊያ በረሃ የቀላል አውሮፕላን ችግርና መፍትሄ

የምተዳደረው መሃል አውስትራሊያ ውስጥ፣ በአሊስ ስፕሪንግስ ዙሪያና ከዚያ በስተደቡብ ባሉት የቀይ አፈር መንደርደሪያዎች ላይ፣ የቀላል አውሮፕላን ሞተር በመጠገን ነው። እጄ ላይ የሚገቡት አብዛኞቹ ሁለት ሰው የሚይዙ፣ ከነጭነታቸው ከ600 ኪሎ የማይበልጡ፣ ሮታክስ 912 የሚባለው ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። ባለቤቶቹ ከሜልበርን፣ ከአዴሌድ፣ ከብሪዝበን ተነስተው ትልቁን ቀይ ዓለት ኡሉሩን ወይም ውሃ የያዘውን የኤር ሃይቅ ከላይ ሊያዩ ይመጣሉ። ከሜልበርን ሐበሾች መካከል መብረር የጀመሩ ልጆች ደጋግመው ስለሚደውሉልኝ ይህን በአማርኛ ጻፍኩት። ባትሪውን፣ የነዳጅ መክፈቻውን፣ የዘይቱን ልክ አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ ቀትር ላይ ነዳጅ ተሞልቶ ሲነሳ ሞተሩ ይቆራርጣል

የሚደወልልኝ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው፤ ታሪኩም አይለያይም። ሰውየው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በብርዱ ተነስቶ አራት ሰዓት ያህል ያለ እንከን በርሯል። እኩለ ቀን ግድም ያርፋል፤ ሞተሩን ያጠፋል፤ ከማደያው በጀሪካን ቤንዚን አምጥቶ ይሞላል፤ ቀዝቃዛ ነገር ይጠጣል፤ ከሠላሳ አርባ ደቂቃ በኋላ ያስነሳል። ሞተሩ ይነሳል። ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ በዝግታ የሚዞርበት) ደህና ነው። በደቂቃ 4000 ዙር ላይ ሁለቱን ኢግኒሽን በየተራ ሲያጠፋም ዙሩ ከ300 በላይ አይወርድም። ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ ከመሬት ይለቃል። መቶ ወይም ሁለት መቶ ጫማ ላይ ሞተሩ መንተባተብ ይጀምራል፤ የነዳጅ ግፊቱ መርፌ ይንቀጠቀጥና ከ0.15 ባር በታች ይወርዳል።

ምክንያቱ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ መፍላቱ ነው። በአሮጌ ፊያት ወይም ፔጆ የአባይን በረሃ ሽቅብ የወጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሹፌሩ ወርዶ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ የነዳጅ ፓምፑ ላይ ይጠመጥማል፣ ተሳፋሪው ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በሽታው ያው ነው። መኪናው ግን ዳር ይዞ መቆም ይችላል።

ብዙ ሰው ሞተሩ የሚግለው ሲበር ይመስለዋል። ኮፈኑ ውስጥ ሙቀቱ የሚያይለው ከቆመ በኋላ ነው። የፕሮፔለሩ ነፋስ ይቀራል፣ የራዲያተሩ ውሃ መዞሩን ያቆማል፣ የሲሊንደሩና የማርሚታው ግለት ግን መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ይወጣል። የሮታክስ 912 ሜካኒካል የነዳጅ ፓምፕ የተገጠመው ጊርቦክሱ ላይ ነው፤ ሁለቱ ካርቡራተሮችም ሞተሩ አናት ላይ ተቀምጠዋል። ሙቀቱ የሚሄደው በቀጥታ ወደ እነሱ ነው። የውጪው አየር ራሱ እሳት በሆነበት አገር (ኡድናዳታ በፈረንጆች ጥር 2 ቀን 1960 በጥላ ሥር 50.7 ዲግሪ የተመዘገበባት ከተማ ናት) ፓምፑ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ይቀየራል። ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይችልም።

ታዲያ ሚኒሞው ለምን ደህና ሆነ? ይህን ያልተረዳ ሰው አውሮፕላኑን ይሰብራል። ሞተሩ በሚኒሞ የሚጠጣው እጅግ ጥቂት ነው። መቶ ፈረስ ጉልበቱ 912 ዩኤልኤስ ሙሉ ጋዝ ላይ ግን በሰዓት 27 ሊትር ይፈልጋል። በየካርቡራተሩ ጽዋ ያለው ቤንዚን ለዚያ ፍጆታ የሚበቃው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ የምትነሱትም በዚያች ነው። ጽዋው ሲደርቅ መንደርደሪያው ከኋላችሁ ቀርቷል።

አንድ አዛውንት ገበሬ አውሮፕላናቸውን ይዘውልኝ መጡ። ለዚሁ ችግር በሁለት ከተማ ሦስት ጊዜ ካርቡራተራቸው ተመጣጥኗል፣ ስምንቱም ካንዴላ ተቀይሯል፣ ከኦስትሪያ የኢግኒሽን ሞጁል ታዞላቸዋል። እኔ ሞተሩን አንድ ሰዓት አሠርቼ አጠፋሁትና ኮፈኑን ዘግቼ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። ከዚያ ለፍተሻ ብቻ፣ መሬት ላይ፣ ከፓምፑ መውጫ አጠገብ የሚያሳይ ቱቦ ገጠምኩና አስነሳን። በቱቦው ውስጥ እንደ አምቦ ውሃ አረፋ ተከታትሎ ሲያልፍ በዓይናቸው አዩት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ያወጡት ገንዘብ ሁሉ ላልታመመ ዕቃ ነበር።

*እዚያው ሜዳ ላይ ሳላችሁ፦* ስታርፉ አፍንጫውን ወደ ነፋስ አዙራችሁ አቁሙ። ለጥላ ብላችሁ ከቆርቆሮ መጋዘን ጀርባ አትሸጎጡ፤ እዚያ ነፋስ የለም። ሞተሩ እንደጠፋ የዘይት መመልከቻዋን በር ክፈቱ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ የምትቆዩ ከሆነ የላይኛውን ኮፈን አውጡት። እጅ የሚያቃጥል አየር ፊታችሁን ሲመታው ምን እንደነበረበት ትረዳላችሁ። ከማስነሳታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ ፓምፑን ለአንድ ሁለት ደቂቃ አብሩት፤ የፈላው ቤንዚን በመመለሻው ቱቦ ወደ ታንክ ተመልሶ ቀዝቀዝ ያለው ይተካዋል። አስነስታችሁ፣ አፍንጫውን ነፋስ ላይ እንደያዛችሁ፣ በ2500 ዙር ጥቂት ደቂቃ ያዙት። ከዚያ ፍሬን ይዛችሁ ሙሉ ጋዝ ሰላሳ ሰከንድ፣ ዓይናችሁን ከግፊት መርፌው ሳትነቅሉ። ይህን ጠጠር በሌለበት ደረቅ ቦታ አድርጉት፤ ፕሮፔለሩ ጠጠር ስቦ ራሱን ይበላል።

መርፌዋ ከተንቀጠቀጠች አትነሱ። ሰው ይጠብቀኛል፣ ሆቴል ይዣለሁ፣ ሊመሽ ነው የሚል ምክንያት ሁሉ ሰምቻለሁ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ድረስ ጠብቁ፤ ካልሆነ እዚያው እደሩ።

የኤሌክትሪክ ፓምፑ እስከ አስተማማኝ ከፍታ ድረስ አይጠፋ። ከአንድ ትልቅ የከብት እርባታ ጣቢያ በቀትር የተነሱ ባልና ሚስት አጥፍተውት ነበር። ሞተሩ ሲደክምባቸው ደግነቱ ሊመለሱ አልዞሩም፤ ቀጥ ብለው ድንጋያማው ሜዳ ላይ አረፉ። የፊት እግሩ ተሰበረ እንጂ እነሱ ዳኑ። ሁለት ሊትር ውሃ ብቻ ይዘው ለሦስት ሰዓት በክንፉ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን አሥር ሊትር አስቡ። በ406 ሜጋኸርዝ የሚልከውን የአደጋ ጠቋሚ ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት፤ ደረታችሁ ላይ ይሁን። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትደርሱ የሚያውቅ ሰው መሬት ላይ ይኑር።

*ለዘለቄታው፦* መጀመሪያ የመመለሻ ቱቦ መኖሩን እዩ። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰች ቀዳዳ ያላት ማጥበቢያ አለችው፤ እንፋሎቱ የሚወጣው በእሷ ነው። ጨርሶ ያልተገጠመበት አውሮፕላን አግኝቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ማጥበቂያ ማስቲሽ ደፍኗት አግኝቻለሁ። ቀጥሎ የነዳጅ ቱቦዎቹን ሁሉ እሳት በሚከላከል ሽፋን አልብሱ፤ ማርሚታ አጠገብ የሚያልፈውን መንገዱን ቀይሩ። ፓምፑ ላይ በቀጥታ ነፋስ የሚነፋ ቱቦ ከፊት ማምጣት በጣም ይረዳል።

ስለ ቱቦ ካነሳሁ፣ ርካሹን የመኪና ቱቦ እባካችሁ ተዉ። አንዱን ቁመቱን በምላጭ ሰንጥቄ ከፍቼዋለሁ። ውጪው አዲስ ይመስላል። የውስጡ ሽፋን ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቆ፣ ጥቁር ቅርፊቱ በጥፍር ሲነኩት ይረግፋል። ከእሱ አንዲት ቅንጣት የካርቡራተሩ መርፌ መቀመጫ ላይ ስትገባ ቤንዚኑ መቆሚያ ያጣል። ሰውየው በዚያ ቱቦ የቆጠበው የአንድ ምሳ ዋጋ አይሆንም። ጎማ የሆነ ሁሉ በአምስት ዓመት ይቀየራል፤ በዚህ ሙቀት ቀደም ቢል ይሻላል።

ሌላው መፍትሄ አቭጋስ፣ ማለትም የአውሮፕላን ቤንዚን፣ መቀላቀል ነው። ከማደያ ቤንዚን ያነሰ ይተናል፤ ስለዚህ በሙቀት ቀን ግማሽ በግማሽ ብታደርጉት ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ግን እርሳስ አለበት። አዘውትራችሁ ከተጠቀማችሁ ዘይቱን በ100 ሳይሆን በ50 ሰዓት ቀይሩ፤ አለበለዚያ ግራጫው ዝቃጭ ጊርቦክሱ ውስጥ ይጋገራል።

የሚመስሉት ግን ያልሆኑት

ሞተሩ ቢቆራርጥም የነዳጅ ግፊቱ ካልወረደ ጉዳዩ እንፋሎት አይደለም። ካርቡራተሩ ሥር ያለው ማንጠባጠቢያ ሳህን ረጥቧል? ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል? ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል? ጽዋው ውስጥ ተንሳፍፈው የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቁት ፍሎቶች ቤንዚን ጠጥተው ሰምጠዋል። ጽዋውን ፈትታችሁ አውጧቸውና መዝኗቸው፤ የአንድ ካርቡራተር ሁለቱ ፍሎት በአንድ ላይ ከ7 ግራም መብለጥ የለባቸውም። የወጥ ቤት ሚዛን ይህን አይለይም፤ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ግዙ። አንዱ ከከበደ የሁለቱንም ካርቡራተር ቀይሩ፤ የቀሩት በሚቀጥለው ወር ይከተላሉ፣ ያኔ ደግሞ በረሃው መሃል፣ በርድስቪል ትሆናላችሁ።

ግፊቱ የሚወርደው ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ከበረራችሁ በኋላ ከሆነ፣ ስታርፉም የታንኩ ክዳን ሲከፈት አየር ሽ ብሎ ከገባ፣ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ጭቃ ሠሪዋ ተርብ ናት። በስስ ሽቦ አውጡት፤ ስትቆሙ ሸፍኑት።

ግፊቱ ሁልጊዜ ዝቅ ካለና የኤሌክትሪክ ፓምፑም ካላቃናው ፊልትሮውን እዩ። ከበርሚል በእጅ የቀዳ ሰው ዝገት ያገኝበታል።

ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ካለና ሞተሩ ከወትሮው በላይ ካንቀጠቀጠ፣ ካርቡራተሩን የሚይዘውን ጎማ በባትሪ እያበራችሁ ከሥሩ እዩት። ስንጥቁ የሚጀምረው ዓይን በማያርፍበት በታችኛው በኩል ነው፤ ካርቡራተሩን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ስታዘነብሉት ይከፈታል። ፋሸታውን አስጨንቆ የሚያጠብቅ ሰው ነው የሚሰነጥቀው።

ምልክት፦ ሞተሩ ጉልበት አጥቷል፣ የሲሊንደር ራስ ሙቀት ይጨምራል

ምን ሞላችሁ? ርቀው ባሉ የአቦሪጂናል ማኅበረሰቦችና መንገድ ዳር ማደያዎች የምታገኙት ብዙውን ጊዜ ኦፓል የሚባለውን ቤንዚን ብቻ ነው። ወጣቶች ቤንዚን አሽትተው እንዳይጎዱ ተብሎ በፈረንጆች 2005 የመጣ ነው፤ ለሚኖሩበት ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ኦክቴኑ (ሳይደበድብ የመንደድ አቅሙ) ግን 91 ነው። ሰማንያ ፈረስ ጉልበቱ 912 ዩኤል ይሠራበታል፤ መቶው ዩኤልኤስ ግን ቢያንስ 95 ይፈልጋል። በ91 ስታስኬዱት ሲሊንደር ውስጥ ይደበድባል፤ ከጆሮ ማዳመጫው ሥር ሆናችሁ አትሰሙትም። የምትሰሙት ፒስተኑ ሲበሳ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የየማደያውን ኦክቴን በስልክ ጠይቁ። 95 ከሌለ አቭጋስ ፈልጉ፤ እሱም ከሌለ አትነሱ።

ነዳጁ ትክክል ሆኖ ጉልበት የጎደለ ከመሰላችሁ ሙቀቱን አስሉ። አሊስ ስፕሪንግስ 1789 ጫማ ላይ ናት፤ በ40 ዲግሪ ቀን ግን አውሮፕላኑ ከ5000 ጫማ በላይ ያለ ያህል ነው የሚሰማው። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጭነት ቀንሱ።

አልፎ አልፎ የማያቸው

የዘይት ሙቀት ወደ 130 ዲግሪ ሲጠጋ፦ ራዲያተሩና የዘይት ማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል አንበጣና የሣር ዘር ሞልቷል። ከኋላ ወደ ፊት በውሃ እጠቡት፤ በኃይለኛ ግፊት አይደለም፣ ክንፎቹ ይታጠፋሉ።

ቮልቱ ከ13 በታች ወርዶ የሚቀር ከሆነ፦ ሬጉሌተሩ በሙቀት ሞቷል። አዲሱን ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ግጠሙት፤ እሳት መከላከያው ግድግዳ ላይ፣ ከማርሚታው በላይ የገጠመው ሰው ተመልሶ ይመጣል።

የፍጥነት መለኪያው ሲንደረደሩ ካልተንቀሳቀሰ፦ ቁሙ። በፈረንጆች 2013 ብሪዝበን ላይ አንድ ኤርባስ 330 ሁለት ሰዓት ያህል መሬት ላይ በቆየበት ጊዜ ብቻ ተርብ ፍጥነት የሚለካበትን የአየር ቱቦ (ፒቶ) ደፍናበታለች። ሽፋኑን አድርጉ፤ ቀይ ጨርቁ ረጅም ይሁን፣ ሳታወጡት እንዳትነሱ።

አየር ብቻ የሚያቀዘቅዘው የጃቢሩ ሞተር ያላችሁ፦ ጠዋት ቁልፉ ጠፍቶ ፕሮፔለሩን በእጅ ስታዞሩ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከላላ፣ የጭስ ማውጫው ቫልቮላ ማፍሰስ ጀምሯል። በዚያ ሁኔታ የሚቀጥለውን ከተማ አታስቡ።

የፕሮፔለሩ ፊት ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካገኛችሁ፦ በሱፐር ሙጫ አትድፈኑት። ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝና መብረር የሚችል መሆን አለመሆኑን እነግራችኋለሁ፤ እስከዚያ አታስነሱት።